ባዚል መኪናውን ሲገርፍ

ዛሬ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ «ፎልቲ ታወርስ» የተባለውን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከፈትኩ። ብቻዬን እንደ እብድ ስስቅ አመሸሁ።

ለማታውቁት፦ ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ያለች ትንሽ ሆቴል ውስጥ ነው ታሪኩ። ባለቤቱ ባዚል ደግሞ እንግዳ የሚባል ነገር አይወድም! ጆን ክሊዝ ነው የሚጫወተው፤ የጻፈውም ከያኔዋ ሚስቱ ከኮኒ ቡዝ ጋር ነው። በ1975 ስድስት ክፍል፣ በ1979 ስድስት ክፍል (እ.ኤ.አ.)፣ አለቀ። 12 ብቻ! እኛ ጋ ቢሆን ሲዝን 9 ላይ ገና ሰርግ እየደገስን ነበር።

ያየሁት ሆቴሉ ልዩ የእራት ምሽት የሚያዘጋጅበትን ክፍል ነው። ሼፉ ሰክሮ ተዘርሯል፤ ባዚል ከሌላ ምግብ ቤት ዳክዬ ሊያመጣ ይከንፋል፤ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ። እንደ ልጅ ይቆጣታል፣ እስከ ሦስት ይቆጥርላታል። ከዚያ ሮጦ ከእይታ ይወጣል። ካሜራው ንቅንቅ አይልም፤ ባዶ መኪና ብቻ እናያለን። የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይመለስና ይገርፋታል!

ያቺ ባዶ ቅጽበት ናት የገደለችኝ። ደግሞ ጣጣው የራሱ ነው፦ ሚስቱ ሲቢል መኪናዋን ጋራዥ ውሰዳት ስትለው ለገንዘቡ ሳስቶ ራሱ ሲነካካት ነበር።

አስተናጋጁን ማኑዌልን ሲመታው ግን አሁን አሁን ብዙም አያስቀኝም። የእኔ ሰው ሲቢል ናት፤ ሆቴሉ ቢታመስም ስልኳን ይዛ «አውቃለሁ፣ ኧረ አውቃለሁ!»