የቤት ቁጥር፦ አዲስ

አለቃዬ ፋይሉን ሲልክልኝ «አድራሻውን ትንሽ አስተካክለው፤ ለሾፌሮቹ በየሰፈሩ ልናከፋፍለው ነው» አለኝ። ትንሽ! ከስምንት ሺህ በላይ የአዲስ አበባ ደንበኛ፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና ምልክቱ ሁሉ አንድ ዓምድ ውስጥ ተጠቅጥቆ። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ወር ሊሞላኝ ሲል ጨረስኩ።

በክፍለ ከተማው ጀመርኩ። አስራ አንድ ናቸው፣ ምን ይከብዳል? ንፋስ ስልክ ላፍቶን ብቻ ብትፈልጉ «ነፋስ ስልክ» አለ፣ «ን/ስልክ» አለ፣ «ላፍቶ ክ/ከ» አለ፣ አንዱ የቸኮለ ጸሐፊ የተዋት «ን.ስ.ላ»ም አለች። ቂርቆስ ደግሞ «ቄርቆስ»ም «ጨርቆስ»ም ነው።

ቀጥሎ የፊደል ጣጣ መጣ። ኃይሌ ጋርመንት፣ ሃይሌ ጋርመንት፣ ሀይሌ ጋርመንት፣ ሐይሌ ጋርመንት። ለእኛ አንድ ሰፈር ነው፤ ለኮምፒዩተሩ አራት። ኦፕን ሪፋይን የሚባለው ፕሮግራም የሚመሳሰሉ ጽሑፎችን ይሰበስባል። በላቲን ፊደል የተጻፉትን ጥሩ አድርጎ ሰበሰበልኝ። ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ግን አያውቅም። ስለዚህ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው። ሃ እና ኣንም ከግዕዛቸው ጋር አንድ አደረግኩ።

ጥፋቴ ይህንን ዋናው ዓምድ ላይ ማስኬዴ ነበር። በማግስቱ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የታተመ ደረሰኝ ይዛ መጣች። «መድኃኔዓለምን ምን አድርገህብን ነው?» ወረቀቱ ላይ «መድሀኔአለም» ይላል። እውነቷን ነው፣ ያስጠላል። ከዚያ በኋላ የተጨፈለቀውን ጽሑፍ ለማነጻጸሪያ ብቻ በሌላ ዓምድ አስቀመጥኩ። ሰው የሚያየው በትክክለኛው ፊደል ይቆያል።

የባሰው ግን «አዲስ» ነው። መርካቶ ያለበትን አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን ሰው እያሳጠረ «አዲስ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ «አዲስ አበባ» የሚለውን አስቀድሜ ካጠፋሁ በኋላ «አዲስ ካለ አዲስ ከተማ ነው» የሚል ሕግ ጻፍኩ። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሲሆን ፎርም ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» ተብሎ እንደሚሞላ እያወቅኩ ረሳሁት። የራሴ መታወቂያ እንኳን እንደዚያ ነው! በአንድ ጠቅታ የሰሚትና የጀሞ ሰው ሁሉ መርካቶ ገባ።

ኤክሴልም የራሱን ሠርቷል። የቤት ቁጥር 3/12ን ቀን መስሎት ለውጦታል፤ የወረዳ 03ን ዜሮ በልቷል። ዜሮውን መመለስ ቀላል ነው። ቀን ሆኖ ሴቭ የተደረገውን ግን ከወረቀት ፎርሙ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣ ያውም ወረቀቱ ላልጠፋው። አሁን ፋይል ስከፍት መጀመሪያ ዓምዶቹን ሁሉ ጽሑፍ አደርጋለሁ።

የቆዩ ደንበኞች ዘንድ ስንሄድ «ወረዳ» ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር ሳይመጣ ወረዳ ከቀበሌ በላይ ነበር፤ «ወረዳ 17 ቀበሌ 20» ብለው የሚጽፉ አሁንም አሉ። የዛሬው ወረዳ ደግሞ ክፍለ ከተማ ሥር ነው። ወረዳና ቀበሌ አብረው ካሉና ክፍለ ከተማ ከሌለ፣ የድሮ አድራሻ ነው ብዬ ለብቻው አወጣሁት። ለሚ ኩራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ የተቋቋመ ነው። ስለዚህ «ቦሌ፣ አራብሳ» ብሎ የጻፈ ሰው አልዋሸም፤ ሲጽፍ እንደዚያ ነበር። ለዚህ ብዬ አድራሻው መቼ እንደተመዘገበ የሚያሳይ ዓምድ ጨመርኩ።

ሁሉን በየዓምዱ ካስቀመጥኩ በኋላ የተረፈውን ጽሑፍ እንደ ቆሻሻ ጣልኩት። «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ»፣ «አረንጓዴ በር»፣ «ሱቁ ጋ ሲደርሱ ይደውሉ» ዓይነት ነገር። ዝርዝሩ አማረበት። ጠዋት ለሾፌሮቹ ታተመ፤ ገና ረፋዱ ላይ ትልቁ ሾፌራችን ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤቱን የት አደረስከው?»

«ጋሼ፣ ወረዳው ተጽፏል እኮ።»

«ወረዳ ዘጠኝ ይላል። ወረዳ ዘጠኝን ቤት ለቤት ላንኳኳ ነው?»

የመጀመሪያውን ፋይል ሳልነካው አስቀምጬው ስለነበር ከሰዓት ላይ ሁሉንም መለስኩት። ከሰዓት በኋላ የተማርኩትን ያህል በሁለቱ ወር አልተማርኩም። ወረዳው የሚጠቅመው ዕቃውን ለየትኛው መኪና እንደምንጭን ለመወሰን ነው። በሩ ላይ የሚያደርሰው ያ ቆሻሻ ያልኩት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፎርም ላይ «ልዩ ስሙ» የሚባል ቦታ ያለው ለካ በከንቱ አይደለም። እኔም «ልዩ ቦታ» የሚል ዓምድ ከፈትኩ፤ ደንበኛው እንደተናገረው ይገባል፣ ማንም አያርመውም። ሾፌሮቹ ደግሞ በሩ ላይ ሲደርሱ በስልካቸው ጂፒኤሱን ይይዙልናል። ወፍጮ ቤቱ ቢፈርስ እንኳን ነጥቡ ይቀራል።

ፎርሙንም ቀየርነው። ክፍለ ከተማው ከዝርዝር የሚመረጥ ሆነ፤ ወረዳው ክፍለ ከተማውን ተከትሎ ይመጣል። የቤት ቁጥሩ ባዶ ቢሆንም «አዲስ» ቢባልም ያልፋል። ስልክ ቁጥር ከሌለ ግን አያስመዘግብም።