200 ሚሊ ግራሙ አልጎደለም

ደሴ ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይገባል፤ የመድኃኒት ቤቴ ግድግዳ ሳይቀር ያልበዋል። አንድ ነሐሴ፣ ልጃቸው የሚጥል በሽታ ያለበት እናት መጡ። ዓመት ተኩል ደህና የከረመው ልጅ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ጥሎታል።

"እማማ፣ ምናልባት አንዳንድ ቀን ረስተው ይሆን?" አልኳቸው።

"ወላሂ ልጄ፣ አንድም ቀን አላጓደልኩበትም።"

ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ያስታውቃል። እኔ ግን አላመንኳቸውም ነበር፤ ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

የተረፈውን ካርባማዜፒን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን፣ አምጡልኝ ብያቸው በማግስቱ በፌስታል ቋጥረው መጡ። ልጆች እንዳይነኩት ብለው ማድቤት ከምጣዱ በላይ ሰቅለውት ኖሯል። ከፌስታሉ አንድ፣ ከአዲስ እሽግ አንድ ክኒን አውጥቼ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመርኳቸው። አዲሱ ወዲያው ፈራርሶ ዱቄት ሆነ። የእሳቸው አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ድረስ እንደ ጠጠር ብርጭቆው ሥር ቁጭ ብሏል።

ኮሌጅ ለፈተና ብቻ የሸመደድኩት ነገር ያኔ መጣልኝ። የመድኃኒት ሞለኪውሎች ክሪስታል ሲሠሩ እንደ ካብ ድንጋይ ይደረደራሉ። ድንጋዩ ያው ሆኖ አካቡ ሊለያይ ይችላል፤ ጠበቅ ተደርጎ የተካበውን ውኃ ቶሎ አያፈርሰውም። ካርባማዜፒን እርጥበት ሲያገኝ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ሁለት የውኃ ሞለኪውል እያስገባ እንደገና ይካባል። አዲሱ ካብ የመሟሟት አቅሙ ያንሳል፣ ክኒኑም ይጠጥራል። እርጥበት የገባው ክኒን እስከ ሲሶ የሚደርስ ኃይሉን ሊያጣ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካስጠነቀቀ 30 ዓመት አልፎታል። ክፋቱ፣ ቢለካ በክኒኑ ውስጥ ያለው 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት አይጎድልም።

ይህ የክሪስታል መለዋወጥ ትልልቆቹንም ፋብሪካዎች ጉድ ሠርቷቸዋል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ሪቶናቪር እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1998 ማንም የማያውቀው ሁለተኛ ክሪስታል ብቅ አለ። በደንብ ስለማይሟሟ ካፕሱሉ ከገበያ ተሰብስቦ መድኃኒቱ እንደገና መቀመም ነበረበት።

ጥፋቱን ሁሉ በማድቤቱ ላይ እንዳላላክክ፣ ባለ 1000 ክኒኑን እሽግ ክዳኑን ሳላጠብቅ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያኖርኩት እኔ ነኝ። በወረቀት ፖስታ የሦስት ወሩን ባንዴ ቆጥሬ የሰጠሁትም እኔው።

ሐኪሙ መጠኑን ሊጨምርለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደወልኩለት። ጨምሮለት ቢሆንና ልጁ በኋላ ከደረቁ እሽግ ቢውጥ፣ ማዞሩና አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየቱ ይከተል ነበር። አዲሱን ክኒን በድሮው መጠን እንዲቀጥል ተስማማን፣ ሐኪሙም በየሳምንቱ ያየው ጀመር። የብርጭቆው ነገር ጥርጣሬ ይጭራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ የክሪስታሉን ዓይነት በእርግጠኝነት የሚለየው በኤክስሬይ የሚሠራው ምርመራ ነው፣ እሱ ደግሞ እኔ ጋ የለም።

አሁን ካርባማዜፒን በስትሪፕ፣ ማለትም ክኒኑ አንድ በአንድ ተለይቶ የታሸገውን እመርጣለሁ። ካጣሁ የወሩን ብቻ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ፣ እርጥበት ከምትመጠው ትንሿ ከረጢት ጋር እሰጣለሁ። ከረጢቷን ቅመም መስላቸው ወጥ ውስጥ ሊጨምሯት የነበሩ ሰው ስላጋጠሙኝ እሷንም አስረዳለሁ።

መስከረም ላይ እማማ ብቻቸውን መጡ፤ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቷል። "አሁንስ የት ነው የሚያስቀምጡት?" አልኳቸው።

"አብሽር፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።"