ከአገር ቤት የሚመጣ መልእክትና የስቶይኮች ብልሃት

ስቶይክ (በጥንታዊት ግሪክ ተጀምሮ ሮም የገባ የፍልስፍና ትምህርት ተከታይ) ማለት ስሜት የሌለው ሰው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከመምህራኑ ግን ስደትን የቀመሱ አሉ። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ እ.ኤ.አ. በ41 ወደ ኮርሲካ ደሴት ተግዞ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቷል (ከዚያ ሆኖ ለቤተ መንግሥት ባለሟል የጻፈው የማባበያ ደብዳቤ ትምህርቱ ለራሱም እንደከበደው ያሳብቃል)። ባሪያ የነበረው ኤፒክቴተስም ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚቲያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ግሪክ ውስጥ ኒኮፖሊስ ከተማ ገብቶ ማስተማር ጀመረ።

ውጭ አገር ሆነን ከአገር ቤት የሚመጣ መልእክት ሲያናድደንም ብልሃታቸው ይጠቅመናል። ሴኔካ ቁጣን በሦስት እርከን ያየዋል። ከሥራ ገብታችሁ ጫማ ሳታወልቁ ዋትሳፕ ላይ «ብሩ እስካሁን አልደረሰም፤ ምነው ጠፋህ?» የሚል መልእክት ይገባል። ደረት ይሞቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭብን እንደሚያንዘፈዝፈን በራሱ የሚመጣ ስለሆነ ማንም አይወቀስበትም። ሁለተኛው ፍርድ ነው፦ «የሚፈልጉኝ ለብር ብቻ ነው፤ አሳያቸዋለሁ»። ለዚህ ፍርድ እሺ ካልን ሦስተኛው ልጓም የለውም። ስድብ በድምፅ ይላካል፣ የእህት ቁጥር ይዘጋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ምክር አይሰማም፤ ሥራው ሁሉ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

መጀመሪያ ማዘግየት። መልስ ካማራችሁ ሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ መልእክት ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈ አንዴ ጣት ከነካው ሄደ ማለት ነው። ቀጥሎ የተላከውን ቃል በቃል አስፍሩና የራሳችሁን ትርጉም ከሥሩ ለብቻ ጻፉ። «ብሩ አልደረሰም» የእነሱ ነው፤ «ለብር ብቻ» ግን የእናንተ ጭማሪ ነው። የምትልኩት መጠንና የምትመልሱት ቃል በእጃችሁ ነው። ምንዛሬውና የዘመድ ወሬ አይደሉም።

ስቶይኮች ንዴትን ከምኞት ይመድቡታል፤ ብድር የመመለስ ምኞት ነውና። መበቀል የማያምራችሁ ከሆነ ምናልባት የያዛችሁ ሆድ መባስ ነው። ለእሱ ዝምታ አይበጅም፣ ደውሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ንዴትን ውጦ «ቻልኩት» ሲል ነው። ፍርዱ ሳይመረመር ስለቀረ ማታ በልጅ ላይ ይወጣል። ሴኔካ መብራት ጠፍቶ ሚስቱ ዝም ስትል ቀኑን ይመረምር ነበር፤ ጥፋት ሲያገኝም ራሱን «ሁለተኛ እንዳትደግመው፤ ለዛሬው ይቅር ብዬሃለሁ» ይለዋል። ይቅርታው ከተዘለለ ምርመራው ራስን መውቀስ ይሆንና እንቅልፍ ይነሳል። የሌሊት ፈረቃ ያለው ሰው ጠዋት ሲመለስ ባቡር ላይ ቢያደርገው ይሻላል።