ሳል ሳል ነው

የሥራ ባልደረቦቼ እስካሁን ሲቀላለዱ «ሳል ሳል ነው» ይባባላሉ። አዲስ የተቀጠሩት አብረው ይስቃሉ እንጂ ነገሩ ከየት እንደመጣ አያውቁም። የተባለችው ለእኔ ስለሆነች ልንገራችሁ።

ጊዜው ግንቦት 2012 ነው። ትምህርት ቤት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ተዘግቷል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወጥቷል፣ የጅማ ዝናብም ጀምሮ ማባሪያ አጥቷል። እኔ ጤና ጣቢያው በር ላይ ድንኳን ሥር ተመድቤ ነበር። ሥራዬ የሙቀት መለኪያውን ግንባር ላይ መደገንና ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ትኩሳት አለ? ሳል አለ? ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ተገናኝተዋል?

ሰዉ ኮሮናን ፈርቶ ጤና ጣቢያ መምጣት ትቷል። የልጆች አደጋ ግን መምጣቱን አልተወም። የፈላ ጀበና ላዩ ላይ የገለበጠ፣ በሃይላንድ የተቀመጠ በረኪና ውሃ መስሏት የተጎነጨች፣ ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ ወጌሻ ክንዱን ጥርቅም አድርጎ አስሮት ጣቶቹ ካበጡ በኋላ የመጣ። ቃጠሎው ላይ ኮልጌት ተቀብቶ ይመጣል፣ እንቁላል ተቀብቶ ይመጣል፣ ቡና ተነስንሶበትም ይመጣል (ጅማ ነው እንግዲህ)። ምንም አትቀቡት፣ ሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት እያልን ጉሮሯችን ደርቋል። ልጆች ቤት ዋሉ፣ እናቶች እንጀራ ፍለጋ ወጡ፣ የአስር ዓመት እህት አሳዳጊ ሆነች። ሌላ ምስጢር የለውም።

ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ግማሽ ሰፈር ተከትሏታል። ጥበቃው «ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው!» እያለ ይጮኻል፣ ማንም አይሰማውም። ልጁ ሁለት ዓመት አለፍ ቢለው ነው። ገና ሳይጠጉኝ የላምባው ሽታ በማስኩ አልፎ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሉ በዝናብ ረጥቦ አልያያዝ ሲል ታላቅ እህቱ ላምባ ጠብ ልታደርግበት ሃይላንዱን አወጣች። ክብሪት ፍለጋ ዞር ስትል ትንሹ አንስቶ ጠጣው። ከዚያ አንዲት ጎረቤት ደርሳ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከትታ አስታወከችው። ወተትም ጨመረችበት። ላምባ ጠጥቶ ሳያስታውኩት ዝም ብለው ቢያመጡት እኮ ይሻለው ነበር። ሆድ ውስጥ ያለው ብዙም አይጎዳም፣ ጣጣው ሳንባ የገባው ነው፤ እሱ ደግሞ ሲጠጣም፣ ይልቁንም ሲያስታውክ ሾልኮ ይገባል። ልጁ ያስላል፣ ደረቱ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የደሙ ኦክስጅን ዘጠና በመቶ አልሞላም።

ይዤው ወደ ድንገተኛ ክፍል ስሮጥ የኮቪድ ፎካላችን፣ የጤና ጣቢያው የኮቪድ ጉዳይ ተጠሪ ማለት ነው፣ ፊቴ ቆመ።

«የት ነው ሲስተር?»

«ድንገተኛ። ላምባ ጠጥቶ ነው።»

«ያስላል እኮ።»

«ላምባ ስለጠጣ ነዋ የሚያስለው!»

«ሳል ሳል ነው» አለኝ። «መመሪያው ምክንያት አይጠይቅም። ተጠርጣሪ ነው፣ ለይቶ ማቆያ ይግባ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው ተናዶብኛል፣ እኔም ብዙ ሰው ላይ ተናድጃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ምላሴ ተሳስሮ አያውቅም። አሽትተው ልለው አሰብኩ። ማስኩን አውልቅ ማለት ሆነብኝና ተውኩት። ክርክሩ ቢቀጥል የሚያልቀው የልጁ ትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማቆያው ታጠፍኩ።

እንግዲህ ማለት ደስ የማይለኝን ልበል። ማቆያው ባዶ ነበር። አዲስ አልጋ፣ አዲስ አንሶላ፣ ፕላስቲኩ በቅጡ ያልተላጠ የኦክስጅን ማሽን ያለ ሥራ ቆሟል። ድንገተኛ ክፍል ብንገባ ኖሮ አንዱን ሲሊንደር ከአስም ታማሚ ጋር እየተሻማን ነበር የምናድረው። ልጁ ወዲያው ኦክስጅን ገባለት፣ ሐኪሙም ጋውኑን ለብሶ መጣ፣ እናቱም አጠገቡ አደረች። ሳል ሳል ባይሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይገኝም ነበር።

ማታ ላይ አተኮሰው። ሳንባ ላምባ ሲነካው የሚሆን ነው፣ ጠብቀነዋል። ፎካላችን ግን ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «አላልኩሽም?» ብሎኝ ሄደ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ነጋቲቭ ሆኖ ሲመጣ ልጁ ድኖ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ምናልባትም ሌላ ሃይላንድ እየከፈተ ነበር። በኋላ በአንድ የግምገማ ስብሰባ ላይ ፎካላችን ታሪኩን ሲያቀርብ ሰማሁት። «በንቃት የተለየ ተጠርጣሪ» ነበር ያለው። ላምባ የምትል ቃል አልወጣችውም። የሪፖርቱ ቅጽም ላይ ለላምባ የሚሆን ሳጥን የለ፣ በረኪናውም፣ ጀበናውም፣ ዛፉም የትም አልተጻፉም። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሲመጣ «ያስላል?» ብዬ ጠንከር አድርጌ የምጠይቀው ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

እናትየው ግን ተመልሳ መጣች። ጋውን የለበሱ ሰዎች ቤቷ ሄደው በራፉን መድኃኒት ረጭተውበት ነበርና ሰፈሩ ሸሽቷታል። ጎረቤት እሳት አያበድራትም፣ ገበያ ላይ ሽንኩርቷን የሚነካ የለም፣ የቤት አከራይዋ ደግሞ ልቀቂልኝ ብላታለች።

«ሲስተርዬ፣ ወረቀት ጻፊልኝ» አለችኝ። «ልጁ ላምባ ነው የጠጣው፣ ኮሮና የለበትም በይልኝ። ማህተም ይኑረው። በትልቁ ጻፊው፣ አከራዬ ዓይኗ ደክሟል።»

በትልቁ ጻፍኩላት። ላምባን ከሥሩ አሰመርኩበት። ማህተሙ ያለው ፎካላችን ጋ ነው። ስልክ እያወራ ስለነበር ሳያነበው መታልኝ።