«እግዜርስ ብሎ ነበር»

የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ቀብድ ተቀባይ ነበርኩ። ስልክ የማነሳውም እኔ ነኝ። የተቆጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው ማለት ነው።

አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሥራ አይገባም። ችግሩ ቀጠሮ ላይ ነው። «ቁም ሳጥኑ መቼ ይደርሳል?» ሲባል «እግዜር ካለ ቅዳሜ» ይላል። ጣውላው ግን ገና አልተገዛም። ቅዳሜ ደንበኛው ሲመጣ ደግሞ «እግዚአብሔርን ነው የምልዎት፣ መብራት ጠፍቶብን ነው» ይላል። መብራቱ አንድ ቀን ጠፍቶ ይሆናል። የቀረውን ሳምንት በርቶ ነው የዋለው።

የሚገርመው ነገሩ መሥራቱ ነው። «እግዜር ካለ» ላለህ ሰው ምን ትመልሳለህ? «የለም፣ አይልም» አትለው ነገር። «ጣውላው የት አለ?» ብለህ ብትጠይቅ እሱን ሳይሆን እግዜርን የተጠራጠርክ ይመስልብሃል። ስለዚህ ደንበኛው «አሜን» ብሎ ይወጣል።

ጥር ሲቃረብ የሠርግ አልጋ ትእዛዝ ይበዛል። ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት የዋንዛ አልጋ አዘው ግማሹን ከፍለው ነበር። ተመላለሱ፤ በየጊዜው ያው መልስ ነው። አንድ ቀን መጡና «ልጄ፣ አልጋው የት ደረሰ?» አሉት።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ጓሮ ቫርኒሽ እየተቀባ ነው።»

ምንም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፉ። ቫርኒሽ የሚቀባውን ልጅ ስለ አልጋው ሲጠይቁት «የቱ አልጋ?» አለ። ምስኪን፣ ማንም አልነገረውም።

እማማ ተመለሱ። አልጮሁም።

«እግዜርስ ብሎ ነበር፤ ያላልከው አንተ ነህ። ጭራሽ ምስክርም አድርገህ ጠራኸው። አሁን ቀኑን ንገረኝ። እሱን ግን እንዳትጠራ።»

አለቃችን አፉን ከፈተ፤ «እግ...» ብሎ ዋጠው። ግንባሩን አበሰ። ቆይቶ፣ «ጣውላው አልተገዛም እማማ። ዛሬ ቢገዛም ርጥብ ዋንዛ ይጣመማል፤ መድረቅ አለበት። ለሠርጉ አይደርስም» አለ።

«ይኸው፣ አማርኛ ትችላለህ ለካ!»

ቀብዱን ቆጥሬ መለስኩላቸው። ያለቀለት አልጋ ሌላ ቦታ ገዙ።

«የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ትእዛዝ ሲነሳ ብዙዎቻችን ስድብና እርግማን ብቻ ነው የሚታየን። እዚያ ወርክሾፕ ማንም ፈጣሪን አልሰደበም። ሁሉም በአክብሮት ነበር የሚባለው። ስሙ ግን ያልተገዛ ጣውላ መሸፈኛ ሆኖ ነበር። እኔ ይሄኛው ከስድቡ ይብሳል ባይ ነኝ፤ የተሳደበ ሰው ቢያንስ ማንንም አላታለለም።

በነገራችን ላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ክተት ሲሉ፣ ወስልቶ የሚቀረውን እንደማይተውት የነገሩት «ማርያምን፣ ለዚህ አማላጅ የለኝም» ብለው ነው። የሰማው ሰው ስንቁን ቋጠረ። ዛሬ በዚያው ስም «ማርያምን፣ መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን፤ ከአልጋ ሳንወርድ።

አለቃችን ብዙ አላወራም። በማግስቱ የቀብድ ደረሰኙ ላይ «ጣውላ የተገዛበት ቀን» የሚል መስመር አስጨመረ። ትእዛዝ ትንሽ ቀነሰ። «በሳምንት እናደርሳለን» ወደሚሉት ጎረቤቶቻችን የሄዱ አሉ። የእኔ ስልክ ግን ዕረፍት አገኘ።

አንድ ዲያቆን ደንበኛችን ደግሞ ቅር አለው። «ምነው፣ ጌታ ቢፈቅድ ማለት ቀረ እንዴ?» አለ። ልክ ነው፤ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ እንደዚያ በሉ ይላል። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ አትማሉ፣ ነገራችሁ አዎን ቢሆን አዎን ይሁን ይላል። አለቃችን ሁለቱንም ያዘ። ደንበኛውን ጓሮ ወስዶ ጣውላውን ያሳየዋል፤ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል፤ ከዚያ «እግዜር ካለ» ይላል። መብራት በእውነት ከጠፋ ራሱ ይደውልና «መብራት ጠፍቷል፣ ሁለት ቀን ጨምሩልኝ» ይላል። መሐላ የለበትም።