ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ግን የሚሰማ

አምፕሊፋየር ላይ «ቤዝ» ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ ከቤዝ ጊታር ድምፅ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው። ድምፁ ጥልቅ እንዲሆንለት የሚፈልግ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ቁልፍ እስከ ጥግ ማዞር ነው። ከዚያ አዳራሹ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል፣ ኖታው ግን የለም። ምን እየተጫወተ እንደሆነ ራሱም አይሰማውም።

በሠርግም በክለብም ቤዝ ጊታር ስጫወት የራሴን አምፕ ይዤ አልዞርም። ያገኘሁት ላይ ነው የምጫወተው። አንዳንዴ ጭራሽ አምፕ የለም፣ ኬብሉ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካል። ስለዚህ የምፈልገው ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ ዕቃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ድሮ አብቅቶልኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራሟን ክር፣ ኢ የምትባለውን፣ በግራ እጅ ሳትይዛት ባዶዋን ስትመታት የምታወጣው 41 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 41 ንዝረት፣ ገደማ ነው። ብዙ ስፒከር እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም፣ የስልክ ስፒከርማ አይሞክረውም። ታዲያ በስልክ ዘፈን ስንሰማ ቤዙ እንዴት ነው የሚሰማን? ከ41ዱ ጋር አብረው የሚወጡ፣ 82፣ 123፣ 164 እያሉ ወደ ላይ የሚሄዱ ድምፆች አሉ። ጆሮ እነሱን ይሰማና ከታች የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። እና ጥልቀት የምንለው ነገር ግማሹ የሚኖረው መሃል ላይ ነው። ሚዱን፣ የመሃሉን ድምፅ፣ ሙልጭ አድርጎ አውርዶ ቤዙን የከመረ ሰው ቤቱ ብቻውን ሲለማመድ ደስ ይለዋል፣ ባንድ ውስጥ ሲገባ ግን ከድራሙ ኪክ፣ በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ጋር አንድ ቦታ ላይ ተደራርቦ ይጠፋል።

በገናን አስቡት። ከእሱ የጠለቀ ድምፅ ያለው የሀገራችን መሣሪያ አላውቅም። ግን ለስላሳ አይደለም እኮ! ይነዝራል። ክሩና ብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የሚሏት፣ ሥራዋ ክሩን ማስነዘር ነው። ያ ንዝረት ነው ድምፁን እንዲያ የሚያገዝፈው። ቤዝ ጊታር ላይ ንዝረት አልፈልግም፣ ግን ትምህርቱን ወስጃለሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ ከገደልከው የታችኛውም አብሮ ይሞታል።

አሁን ስሰካ የማደርገው ይሄን ነው። አምፑ ላይ ያለውን ሁሉ መሃል ላይ አደርጋለሁ፣ ትሬብሉን፣ የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ፣ ትንሽ አወርዳለሁ፣ በቃ። ጊታሩ ላይ ያለውን ቶን ቁልፍ ደግሞ ግማሽ ድረስ እዘጋዋለሁ። እሷ ቁልፍ ውስጥ ያለችው ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ ወደ መሬት እየሸኘች ወፍራሙን ታሳልፋለች። እስከ መጨረሻው አልዘጋትም፣ ስትዘጋ ኖታው ከየት እንደጀመረ አይታወቅም።

ዋናው ሥራ ግን ቀኝ እጅ ላይ ነው።

አንገቱ የሚያልቅበት አካባቢ ምታው፣ ድምፁ ይከብዳል፣ ክብ ይሆናል። ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ ታች ወደሚያርፉበት፣ ጠጋ በል፣ ይቀጥናል፣ ይነጫነጫል። ያው ክር፣ ያው ኖታ። ክሩ ጫፉ አካባቢ ሲመታ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይበዛሉ፣ ወደ መሃሉ ስትጠጋ ዋናው ድምፅ ይጎላል። የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል እጅን ማንቀሳቀስ ብዙ ሰው በውድ ፔዳል ከሚፈልገው ለውጥ ይበልጣል።

ጣቱስ? ጥፍሬ ያጠረ ነው ሁልጊዜ። የምመታውም በጣቴ ጫፍ ሳይሆን ጫፉ ላይ ባለው ሥጋ ነው፣ ጣቱን ትንሽ ጋደም አድርጌ። ክሩን ወደ ላይ ስቤ አልለቅም። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ እወርድበትና ጣቴ ቀጥሎ ያለው ክር ላይ ያርፋል። ያ ማረፍ ሁለት ጥቅም አለው፣ አንዱ ጉልበቱ እኩል ይሆናል፣ ሌላው ያ ያረፍኩበት ክር ዝም ይላል። ደግሞ በቀስታ። ጠንክረህ ስትመታ ክሩ አንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች፣ ፍሬቶቹን፣ እየነካ ይንጫረራል፣ ኖታውም ገና ሳይቆም ይወድቃል። ቀስ ብሎ መትቶ ቮልዩሙን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ድራመራችን ሲሞቀው እኔም አብሬው እንድደበድብ በዓይኑ ይለምነኛል። አላየሁም እላለሁ።

ግራ እጅም ድርሻ አለው። ያው ኖታ ቀጭኑ ክር ላይም ወፍራሙ ላይም ይገኛል። ዶ የምትባለውን ኖታ ኤ ክር ላይ ሦስተኛ ፍሬት ላይ ታገኛታለህ፣ ወፍራሟ ኢ ላይ ደግሞ ስምንተኛው ላይ። ስምንተኛው ላይ ያለችው ጠቆር ትላለች፣ የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ትዝታ ስንጫወት፣ በተለይ ቀስ ያለውን፣ እጄን እዚያ ላይ አድርጌ ወደ ባዶ ክር አልወርድም። ባዶ ክር ትጮሃለች፣ መስመሩን ትሰብራለች። ችክችካ ሲመጣ ግን ወደ ታችኞቹ ፍሬቶች እወርዳለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ ኖታውን ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ መቁረጥ ካነሳሁ፣ ስፖንጅ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በቀጭኑ ቆርጬ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር እወሽቃለሁ። ያየ ሁሉ ያሾፍብኛል። ነገሩ ግን የኔ ፈጠራ አይደለም። ድሮ ጊታር ሠሪው ፌንደር ራሱ ብሪጁን በሚሸፍነው ብረት ሥር ስፖንጅ ያደርግ ነበር፣ የአሜሪካው ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን ሞታውን ለሚባለው የዲትሮይት ሙዚቃ አሳታሚ ዘፈኖቹን የቀዳው በዚያ ነው። ጃመርሰን የ1962 ፕሪሲሽን ቤዝ፣ የፌንደር ሞዴል፣ ነበረው። ክሮቹ ወፋፍራም ፍላትዋውንድ፣ ካልተበጠሱ በቀር አይቀይራቸውም። ሲመታም በአንድ ጣት ብቻ ነው፣ በሌባ ጣቱ። ዲትሮይት ስቱዲዮ ውስጥም ብዙ ጊዜ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ነበር የሚሰካው። አምፕ ገዝተው ድምፁን ለማምጣት ለሚሞክሩ ይሄን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ፍላትዋውንድ እዚህ አዲስ አበባ እንደልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። እኔ ያገኘሁት ከዋሽንግተን የመጣች የአክስቴ ልጅ ይዛልኝ ነው። «ለአራት ክር ይሄን ሁሉ ብር?» ብላ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ላዩ ልሙጥ ነው፣ ጣት ሲንሸራተትበት ያ «ፍጭጭ» የሚል ድምፅ የለውም፣ ሬጌም ላይ ነፍስ ነው። ለማያገኝ ሰው ምክሬ ያረጀውን ተራ ክር አትጣሉት የሚል ነው። አዲስ ክር ያብረቀርቃል፣ ድምፁም እንደዚያው። ላብና አቧራ ከጠጣ በኋላ ነው ረጋ የሚለው። ከመጠን በላይ ሲያረጅ ደግሞ ቅኝቱን ይስታል፣ እዚያ ላይ መጨከን ነው።

አንድ የማልወደው ነገር ጃዝ ቤዝ የሚባለውን ሌላ የፌንደር ሞዴል ይዤ ስሄድ የሚገጥመኝ ነው። ሁለት ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚይዙ ማግኔቶች፣ አለው። የአንገቱን ብቻ ከፍቼ የብሪጁን ሳወርድ ድምፁ የምፈልገው ይሆናል፣ ግን ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ የሚያጠፉት ሃም፣ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ፣ ወዲያው ይመለሳል። ዥዥዥ። ኧርዙ ያልተስተካከለ አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ የሠርግ መብራት እየበራ፣ አስቡት። ስለዚህ ለሠርግ ይሄ ችግር የሌለበትን ፕሪሲሽን ነው የማነሳው።

ከሀገራችን ቤዝ ተጫዋቾች ጆሮዬ ቶሎ የሚሄደው ወደ ጆቫኒ ሪኮ፣ የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ቤዚስት፣ ነው። አይቤክስ ባንድ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የቀዳቸውን፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ብዙ ካሴቶች ስሰማ የሚገርመኝ የሱ ቤዝ ድምፅ ሳይጮህ ቦታ መያዙ ነው። ቀረጻው የዛሬውን ያህል ጥራት የለውም፣ ቤዙ ግን እያንዳንዱ ኖታ የት እንደሚያልቅ ይታወቃል። ያ የጣት ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ኪቦርድና ድራም ማሽን መጣ፣ ቤዙም ብዙ ካሴት ላይ የኪቦርድ ግራ እጅ ሆነ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ወጪ ይቀንሳል። የኔ የሳምንቱ ጭቅጭቅ ግን ከዚያው የመጣ ነው። የኛ ኪቦርዲስት ጎበዝ ነው፣ ብቻውን መሥራት የለመደ ልጅ ነው፣ ታዲያ እኔ አጠገቡ ቆሜም ግራ እጁ ታች አይተኛም። የሱ ቤዝና የኔ ቤዝ አንድ ኖታ ላይ ይጋጫሉ፣ ሳውንድማኑ ሁለታችንንም ያወርደናል። ትናንት ልምምድ ላይ «ወንድሜ፣ ግራ እጅህን ኪስህ ክተታት» አልኩት። ሳቀ። ለትዝታዎቹ ተስማማ። ችክችካው ላይ ግን አልለቅም ብሏል፣ ቅዳሜ ሠርግ አለን፣ እስከዚያ በቡና አግባባዋለሁ።