እኔ የት ነው የምቀመጠው?

ሰሞኑን የጠፋሁት ጅቡቲ ስለነበርኩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከድሬ እየተመላለስኩ የአንድ ቤተሰብ ቤት ውስጡን ስሠራ ከርሜ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የጨረስኩት። ባለቤቱ የድሬ ልጅ ነው፣ ከዚራ ያደገ፣ ጅቡቲ ሄዶ ነግዶ ያገኘ ሰው፣ ሃራሙስ በሚባለው ሰፈር ባህሩ አፋፍ ላይ ትልቅ ቤት ሠርቷል። ከሳሎኑ በር እስከ ውሃው ሠላሳ ርምጃ አይሞላም። ብር ችግር አልነበረም።

ሚስቱ መጀመሪያ ስልኳ ላይ የሰበሰበቻቸውን ፎቶዎች አሳየችኝ፣ ነጭ የቆዳ ሶፋ፣ ወርቃማ እግር ያለው ጠረጴዛ፣ ከኮርኒሱ የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት፣ ቬልቬት መጋረጃ። ቆንጆ ነው አልዋሽም። ግን እኔ ከዛ በፊት እዛው ጅቡቲ አንድ ቤት ሠርቼ ስለነበር ባህር ዕቃን ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ያኔ ከአንድ ሱቅ «ስቴንለስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን ማጠፊያ ነው ኩሽናው ላይ የገጠምኩት፣ ዓመት ሳይሞላው ከእያንዳንዱ ቪቲ ሥር ቡናማ መስመር ወርዶ ነጩን የቁምሳጥን በር አዥጎርጉሮታል። የዛ ቤት ባለቤት ፎቶ አንስታ ስትልክልኝ በጣም አፈርኩ፣ ሄጄ በራሴ ወጪ ቀየርኩላት።

ነገሩ ምን መሰላቹ፣ የባህር አየር ጨው ይዞ ነው ቤት የሚገባው። ጠዋት መስኮቱ ላይ ጣታቹን አሳልፋቹ ብትቀምሱት ጨው ጨው ይላል። ያ ጨው ብረት ላይ ያርፍና እርጥበት እየሳበ ቀን ከሌት ይበላዋል። ስቴንለስ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም፣ ገበያ ላይ የሚበዛው 304 የሚባለው ነው፣ እሱ ለድሬም ለሐረርም ይበቃል፣ ባህር አጠገብ ግን 316 ነው የሚፈለገው፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ተጨምሮበታል፣ ጨውን የተሻለ የሚችለውም በሱ ነው። በዓይን ምንም አይለዩም፣ ማግኔትም አይለያቸውም፣ ስለዚ ስትገዙ ወረቀቱን ጠይቁ። ኤምዲኤፍ የሚሉት ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ጠርዙ ያብጥና አይመለስም። ወርቃማው እግር ደግሞ ቅብ ነው፣ አንዴ ከተጫረ ዝገቱ በቅቡ ሥር ሥር ነው የሚሄደው።

ይሄን ሁሉ አስረድቼ ብረቱን በ316 እንጨቱን በቲክ አስተካክዬ ዲዛይኑን ላፕቶፕ ላይ ይዤላቸው ሄድኩ። ሶፋዎቹ በሙሉ ወደ ባህሩ ዞረዋል። ባልና ሚስቱ በጣም ወደዱት። የባልየው እናት ከልጇ ጋ ልትኖር ከሐረር የመጣች ናት፣ ጀጎል ውስጥ ተወልዳ ጀጎል ውስጥ ያረጀች (እኛ ጋ አንቱ አይበዛም፣ አንቺ ነው የምላት፣ አንቱ ብላት እንደ ባዳ ያየኋት ነው የሚመስላት)። ላፕቶፑን ወደሷ አዞርኩት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችውና

«ሸጋ ነው ልጄ፣ እኔ የት ነው የምቀመጠው?» አለችኝ።

«የፈለግሽው ጋ እማ፣ ይኸው ባህሩን እያየሽ።»

«እዚህ ብቀመጥ እኮ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው። ማን ገባ ማን ወጣ በምን አውቃለሁ?»

ወላሂ የዛን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም ልክ ናት። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፣ ጫማህን አውልቀህ ስትገባ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ናቸው የሚቀበሉህ፣ ነደባ ነው የሚሏቸው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፣ እዛ የተቀመጠ ሰው በሩንም ግቢውንም ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ነው እንግዳ የሚሞላበት፣ ሱትሪ ነደባ ገባ ብሎ የተከለለው፣ ቲት ነደባ ትንሹ። ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ጀጎልን ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ ሲመዘግበው የቤቶቹን የውስጥ አሠራር ለይቶ የጠቀሰው ያለ ነገር አይደለም፣ እኔ ሐረር አፍንጫዬ ሥር እያለ ሶፋ በመደዳ ደርድሬ ነበር።

በዛ ላይ ደግሞ ሳስበው ነደባ ግንብ ነው። እግር የለው ቪቲ የለው፣ ጨው የሚያዝገው ምንም ነገር የለውም። ግድግዳው ላይ ያሉት ታቃዎችም እንደዛው፣ ግድግዳው ውስጥ የተሰወሩ መደርደሪያዎች ናቸው፣ ብረት መስቀያ የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም።

ጠዋት ሄጄ ዲዛይኑን ቀየርኩት አልኳቸው። ሚስትየው መጀመሪያ ትንሽ ከፍቷት ነበር፣ ለሶፋው ብዙ አስባለታለች፣ ግን ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አስምሬ እዚህ ልጆቹ እዚህ እንግዳ እዚህ እማ እያልኩ አስቀምጬ ሳሳያት ራሷ ገብታ ማስተካከል ጀመረች። ሦስት ከፍታ ሠራን፣ 20፣ 45 እና 65 ሳንቲ ሜትር። የእማ 65ቱ ነው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁለት አጫጭር ደረጃና የቲክ መያዣ ጨመርንላት። ቦታዋ ጥጉ ነው፣ በግራ በሩን በቀኝ ባህሩን ታያለች። ባህሩን በጎን ማየት ለሌላውም ሰው ይሻላል፣ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስታርፍ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑን መግለጥ አይችልም፣ ይሄን እዛ እየዋልኩ ነው የተረዳሁት። ልስኑ ኖራ ነው፣ የመደቦቹ ፊት ደግሞ እንደ ሐረሩ ቀይ። ቀዩ ቀለም ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ማለት ዝጎ ያለቀ ብረት፣ ጨው ከዚ በላይ ምንም አያደርገውም።

ለመስኮቱ ባልየው ነው ሐሳቡን ያመጣው። ከዚራ ያሉትን የድሮ የምድር ባቡር ቤቶች ታውቋቸዋላቹ አይደል፣ ዘንበል ዘንበል ያለ የእንጨት ርብራብ መዝጊያ ያላቸው፣ ፀሐይ እየከለከሉ ንፋስ የሚያስገቡት። «ልጅ ሆኜ በሱ ሥር ነበር የምተኛው» አለኝ። በቲክ አሠራነው፣ ከውስጥ መስታወት ጨምረንበት፣ ምክንያቱም በሙቀቱ ወራት ከምሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስ አቧራ ይዞ ሲመጣ ጥርቅም ተደርጎ መዘጋት አለበት።

ትራሶቹን ሐረር መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ነው ያሰፋኋቸው። ጨርቁ ቀለሙ ክሩ ሲሠራ ጀምሮ የገባበት አክሪሊክ ነው፣ ላይ ላዩን የተነከረ ስላልሆነ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ክሩም ፖሊስተር መሆን አለበት፣ ጥጥ ክር ፀሐይና እርጥበት ላይ ይበሰብስና ጨርቁ ደህና ሆኖ ስፌቱ ይለቃል። ሰፊው ሽማግሌ ክሩን በጥርሱ ሊበጥሰው ሞክሮ እምቢ ሲለው ፈገግ ብሎ «ይሄ ይቆያል» አለኝ፣ ደስ አለኝ። ከድሬ በባቡር ጭነን ነጋድ፣ ጅቡቲ ያለው ባቡር ጣቢያ አወረድናቸው።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ። እማ ከሐረር የእናቷን የሣር ስፌቶች ይዛ መጥታለች፣ አሥራ አራት ናቸው፣ ግድግዳ ላይ ካልተሰቀሉ ቤት አይደለም አለች። ሣር ደግሞ በዛ እርጥበት ይሻግታል። ከባህሩ የራቀውን ግድግዳ መርጠን፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወጣ የሚሉ የእንጨት ካስማዎች ላይ ነው የሰቀልናቸው፣ ከኋላቸው አየር እንዲዞር። በየሳምንቱ እያወረደች በደረቅ ጨርቅ እንድትጠርጋቸው ነግሬያታለሁ። ትናንት ደወለች፣ ስለ ሻጋታው ልትነግረኝ ነው ብዬ ደንግጬ አነሳሁት፣ ከቦታዋ ሆና ነው፣ የልጅ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲገባ አይታው «ጫማህን!» ስትለው በስልኩ ውስጥ ሰማኋት።